ሽቦ፣ እኔና የአባዬ ጂፒኤስ

ባለፈው ሳምንት ይህን ታሪክ ሳታነቡ ያለፋችሁ ብዙም አልቀረባችሁም። እስካሁን የሆነው ነገር በአብዛኛው ዝምታ ነው፤ እሱም የእኔ። አንዲት የጥርስ ሐኪም የመኪና ሽቦ የሚቀጥል ሰው ወደደች፤ ጡረታ የወጣው ዳኛ አባቷ አይሆንም አለ፤ እሷም አፏን ዘጋች። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ስታስከፍት የምትውል ሴት፣ የራሷን መክፈት ባለባት ቀን መንጋጋዋ ተቆለፈ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ።

ሰውየውን የሚያውቀው ሁሉ ሽቦ ነው የሚለው። ስሙ ከቅጥነቱ ይውጣለት ከሥራው እንጃ፤ ሁለቱም ይመሰክሩበታል። የመኪና ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ፣ መብራትና የሌባ ማስጠንቀቂያ ይገጥማል። ክሊኒኬ የመጣው ጉንጩ አብጦ ነበር። መርፌውን ሲያይ ዓይኑን ጨፍኖ "ዶክተር፣ እባክሽ እያወራሽኝ ውጊኝ" አለኝ። እያወራሁት ወጋሁት፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ወሬያችን አልቆመም። ሲሠራ ውሎ ማውራት ሲያምረው ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል።

አባዬ ግን ሊያየው እንኳ አልፈለገም። ስለ ሰውየው የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ ሥራውን። ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "አልቀበልም" አለ። አርባ ዓመት ችሎት ላይ የተቀመጠ ሰው አልቀበልም ሲል የግድግዳው ሰዓት እንኳ ድምፁን የሚቀንስ ይመስለኛል። በማግስቱ ሽቦ ክሊኒኬ መጥቶ "አንቺስ ምን አልሽ?" አለኝ። ምንም አላልኩም ነበር። የአባቴን እምቢታ ይችለው ነበር፤ የእኔን ዝምታ ግን አልቻለውም። ኮቱን አንስቶ ሄደ፣ ሁለት ዓመትም አልተያየንም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። በዚህ ጉዳይ ባለሙያዋ እኔ ነኝ፤ ከውጭ ነጭ ሆኖ ከውስጥ የተበላ ጥርስ በየቀኑ አያለሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው ባለፈው ወር እዚያ ሱቅ በር ላይ እግሬ ለምን እንደተሳሰረ እንድታውቁልኝ ነው።

አባዬ መንገድ እየጠፋበት ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ አንድ ቀን ሄዶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሰና "መንገድ ተዘጋግቶ" አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ጎረቤታችን ምንም ጉዳይ በሌለው ሰፈር መኪናውን ዳር አቁሞ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጦ አየው። መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ ሐኪሙ ዓይኑም እጁም ደህና ነው ብሎ ፈርሞለታል። ስለ መንገዱ ግን እሱ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። እቤታችን ዝምታ ከአባት ለልጅ የሚወረስ ንብረት ነው። ስለዚህ ቃል ከማወጣ ዕቃ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። መኪናው ላይ የሚገጠም ጂፒኤስ።

እውነቱን ልናገርና፣ ጂፒኤስ የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል። እግሬ ግን ሽቦ የሚሠራበትን ሱቅ መረጠ።

ሽቦ ከመደርደሪያው ጀርባ ብሎን መፍቻ ይዞ ብቅ አለ። አየኝ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣና ወዲያው ሄደ። "ደህና ዋሉ ዶክተር" አለኝ። በእርስዎ። ጥፊ ቢያቀምሰኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም ኮስተር ብዬ ለአባቴ መኪና ጂፒኤስ እንደምፈልግ ነገርኩት። አባቴ የሚለው ቃል ላይ ዓይኑ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሦስት ዕቃ አወጣና መስታወቱ ላይ ደረደራቸው።

የመጀመሪያው ትልቅ ነው። የኋላ ካሜራ አለው፣ ሙዚቃ ያጫውታል፣ ስልክ ያነሳል፣ ነዳጅ ማደያውን፣ ምግብ ቤቱን፣ የአየሩን ሁኔታ ያወራል። ሁለተኛው ካርታውን በስልክ በኩል ከኢንተርኔት ነው የሚያመጣው። ሦስተኛው ከመዳፍ አይበልጥም፤ ወፍራም ነው፣ አራት ትልልቅ ቁልፍ አለው፣ ከመንገድ ሌላ ምንም አያውቅም። እኔ ወደ ትልቁ ጠቆምኩ። ሕሊና ሲወቅስ ውድ ዕቃ ያስመርጣል። ሽቦ በአንድ ጣቱ ወደ ጎን ገፋው።

"ይሄ ለእሳቸው አይሆንም። ይሄኛውን ይውሰዱ።"

"ርካሹን?"

"ቀላሉን።"

ደሜ ፈላ። ለናንተ ቤት ርካሹ ይበቃል ያለኝ መሰለኝ፤ የሁለት ዓመቱን ሊመልስልኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል፣ እሱ ግን ትንሹን ዕቃ መዳፉ ላይ አድርጎ ረጋ ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። መንገድ ላይ ግራ የገባው ሰው ሠላሳ ምርጫ ቢቀርብለት ይብስበታል አለ። ይሄኛው ካርታውን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ኔትወርክ አይለምንም። ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ድምፁ በደንብ ይሰማል። አንዴ መድረሻውን ከነገሩት በኋላ እየነዱ የሚነካካ ነገር የለውም። መታጠፊያው ቢታለፍ ደግሞ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

"ሌላም አለ" አለ ወደ ትልቁ እያየ። "ያኛው አንተ እያለ ነው የሚያዘው። ይሄኛው እርስዎ ይላል። አባትሽ በአንተ ተጠርተው የሚታጠፉ አይመስለኝም።"

ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ፈገግ ሊል ነበር፤ "አባትሽ" ማለቱን ሲያውቅ ግን "አባትዎ" ብሎ አረመና ዕቃውን ወደ ሳጥኑ መለሰ። ወደ ቤት ስመለስ ነው የገባኝ። አባዬ መንገድ እንደሚጠፋበት አንዲት ቃል አልተነፈስኩለትም። ከአመራረጤ፣ ምናልባትም ከድካሜ፣ ነገሩን ሁሉ አንብቦታል። ርካሹን ዕቃ የመረጠልኝ ሊበቀለኝ ብሎ አልነበረም።

በማግስቱ የአባዬን መኪና ይዤ ሄድኩ። መስታወቱ ላይ በጎማው አጣበቀው፣ ገመዱን ሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ሰካው። ሱቁ አንድ ልማድ አለው። አዲስ ጂፒኤስ ሲገጥሙ 'ቤት' የሚለው ቁልፍ ላይ መጀመሪያ የሱቁን አድራሻ ያስገባሉ፤ ትንሽ ነድተው ቁልፉን ይጫኑታል፣ መልሶ ካመጣቸው ደህና ነው። ከዚያ የሱቁን አጥፍተው የባለቤቱን ያስገባሉ። እኔ ነዳሁ፣ እሱ ጎኔ ተቀመጠ። የጂፒኤሱ ሴትዮ "ወደ ቀኝ ይታጠፉ" ትላለች፣ እኛ ዝም። ሁለት መንገድ ዞርን። ገመዱን ሊያስተካክል ሲያጎነብስ እጁ እጄን ሊነካ አንድ ጣት ያህል ቀረው፤ ሁለታችንም እጃችንን አላነሳንም፣ አላስጠጋንምም። ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ፣ እሱ ወደ ውጭ ያያል፣ እኔ ወደ መንገዱ፣ ነገሩ ግን ገብቷል። ሱቁ ደጃፍ እንደቆምን መፍቻውን ጨብጦ ወረደ፣ ዞሮም አላየኝም። በዚያ ጥድፊያ ሁለታችንም አንድ ነገር ረሳን፤ የሱቁ አድራሻ 'ቤት' ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

አባዬ መጀመሪያ ዕቃውን እንደ ሐሰተኛ ምስክር ነው ያየው። "ይቺን ሴትዮ ማን ጠራት?" አለ። ጥቂት ቀን ሲያዳምጣት ሰንብቶ፣ ቢያንስ ጨዋ ናት፣ ሰው ታከብራለች ብሎ ተቀበላት። ከዚያ አንድ ነገር መለወጥ ጀመረ። ማክሰኞና ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣል፤ ሲመለስ ያፏጫል። አባቴ ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው ፍቅር ሳይዘው አይቀርም ብዬ ለራሴ ሳቅኩ፣ ትንሽም ቀናሁ።

አንድ ዓርብ የእኔ መኪና ባትሪ ሞተና የአባዬን ይዤ ወጣሁ። መብራት ላይ ቆሜ የጂፒኤሱን ቁልፍ ስነካ የሄደባቸው ቦታዎች ዝርዝር ወጣ። ዘጠኝ ጊዜ አንድ አድራሻ። የሽቦ ሱቅ።

ልቤ ስንጥቅ አለ። በአንድ ቅጽበት ሁለት ታሪክ ፈጠርኩ፤ ወይ አባዬ ሰውየው ማን እንደሆነ ደርሶበት እየሄደ ያዋርደዋል፣ ወይ ሽቦ አባዬን በዘዴ አቅርቦታል። ሁለተኛውን አመንኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ የዳኛ ልጅ ነኝና ሳልሰማ ፈረድኩ። መኪናውን አዙሬ ሱቁ ውስጥ ገባሁ።

"አባቴ እዚህ ምን ይሠራል?"

ሽቦ የያዘውን ገመድ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ራሳቸውን ብትጠይቂ ይሻላል አለኝ። አንተን ነው የምጠይቀው አልኩት። በመስኮቱ ውጭ የቆመችውን መኪና አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ዝም አለ። ዝም ያለ ሰው ምን ያህል እንደሚያበሽቅ በራሴ ላይ ሲደርስ አየሁት።

"በልጅቷ በኩል አልሆን ሲልህ በአባቷ በኩል ዞረህ መጣህ?"

ፊቱ ዳመነ። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ነጻ ይወጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አላወቅኩም። ከአባቴ ራቅ አልኩት። ከእኔም ራቅ አልኩት። "እሺ" አለኝ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ሳይከራከር። ያች እሺ እስከ መኪናው ድረስ ተከተለችኝ። ተናግሬ የማላውቅ ሴት አፌን በከፈትኩበት ቀን ያወጣሁት ይሄን ነበር።

መኪናው ውስጥ ገብቼ እንባዬን የምጠርግበት ነገር ስፈልግ ከፊት ያለውን መሳቢያ ከፈትኩ። የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ጽሑፉን ገና ሳልዘረጋው አወቅኩት። ለእኔ ሲጽፍ ደቃቅ የነበረው ፊደል እዚህ ላይ ጣት ጣት ያክላል።

"አባባ፣ መነጽርዎን ሳያደርጉ እንዲያነቡት በትልቁ ጽፌዋለሁ። መንገዱ ከጠፋብዎት አይደንግጡ። መኪናውን ዳር አስይዘው ያቁሙ። ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋ ካለ ይንፋ፣ የራሱ ጉዳይ ነው። ውሃ ይጠጡ፤ ጎንዎ አስቀምጫለሁ። ከዚያ 'ቤት' የሚለውን ይጫኑ። ስህተቴን አርሜዋለሁ፣ አሁን የሚወስድዎት ወደ ልጅዎ ነው። ሴትዮዋ እምቢ ካለችዎት ለእኔ ይደውሉ። የትም ቢሆኑ እመጣለሁ። ለልጅዎ አልነግርም፣ ቃል ገብቻለሁ። እርስዎ ቢነግሯት ግን ደስ ይለኛል። ዕቃውን ስታስገጥም አንድ ጊዜ አይቻታለሁ፤ የምትፈርድ ሰው አትመስልም።"

አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ወረቀቱን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ከሱቁ በር አምስት እርምጃ ርቄ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ተመልሼ ልገባ ፈለግኩ፣ ግን በምን ፊቴ? ስለ እኔ "የምትፈርድ አትመስልም" ብሎ በጻፈው ሰው ላይ ገና አሁን ፈርጄ ወጥቻለሁ። አፈርኩ።

ቤት ስደርስ አባዬን መኝታ ቤቱ ውስጥ ጫማውን ሲጠርግ አገኘሁት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን አየና ነገረኝ። ጂፒኤሱ በተገጠመ ሰሞን አንድ ቀን ከባንክ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ እንግዳ ሆነበት። 'ቤት' የሚለውን ቢጫን ሴትዮዋ ይዛው ሄዳ አንድ ሱቅ በር ላይ "ደርሰዋል" አለችው። ቤቴ እዚህ ነበር እንዴ ብሎ ራሱን እስኪጠይቅ ድረስ ፈራ። አንድ ቀጭን ልጅ ሮጦ ወጣ፣ መኪናውን አየ፣ በሩን ከፈተለት።

"ምን አለኝ መሰለሽ? 'አባባ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሱቁን አድራሻ ሳላጠፋ ቀርቼ ነው' አለኝ። አርባ ዓመት ስፈርድ ሳይጠየቅ ጥፋቴ ነው ያለ ሰው አልገጠመኝም።"

ከዚያ በኋላ ልጁ የምሳ ሰዓቱን ሰጠው። ማክሰኞና ሐሙስ ጎኑ እየተቀመጠ፣ ከባንክ ወደ ቤት፣ ከፀጉር አስተካካይ ወደ ቤት፣ እስኪለምደው ያለማምደው ነበር። ልጁ ሲናገር አይቸኩልም፣ አይመጻደቅም አለኝ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለ፣ እኔስ በአነጋገሩ ወደድኩት አለ። ያልነገረኝ የመኪናውን ቁልፍ እንዳልወስድበት ፈርቶ ነው። እኔም ለምን እንዳልጠየቅኩት ነገርኩት። ሰኞ አብረን ሐኪም ዘንድ ልንሄድ ተስማማን። በዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ሆድ ለሆድ ያወራንበትን ቀን አላስታውስም።

"ታዲያ አሁን ምን ያስለቅስሻል?" አለኝ።

"ያ ሰው እሱ ነው አባዬ። ከሁለት ዓመት በፊት አልቀበልም ያልከው።"

ጫማውን አስቀመጠ። "ማን እንደሆንኩ ያውቃል?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልጁ ደግ መሆኑን አባዬ ያውቅ ነበር፤ ማንነቱን እያወቀ ደግ የሆነለት መሆኑ ነው የሰበረው። "እያወቀ ነው ውሃ የሰጠኝ" አለ ለራሱ፣ ሁለት ጊዜ።

ቅዳሜ ጠዋት ራሱ ነድቶ ወሰደኝ። ሱቁ ውስጥ ባለሱቁና ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ሽቦ እኛን ሲያይ ትላንት የተባለውን አስታውሶ ወደ ጓዳ ሊገባ ሲል አባዬ ጠራው። መደርደሪያው ፊት ቆሞ መነጽሩን አወለቀ።

"ልጄ፣ አንድ ጊዜ አንድ ሰው ላይ ፈርጄ ነበር። ሳልጠራው፣ ሳልሰማው፣ ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ። ሌላ ዳኛ እንዲህ ፈርዶ ቢመጣልኝ ውሳኔውን እሽረው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ላደረግክልኝ ሁሉ ደግሞ፣ አመሰግንሃለሁ ማለት ያንስብኛል።"

ደንበኞቹ ዕቃ የሚያዩ መስለው ዞሩ። የሽቦ ዓይን ሞላ። ከመደርደሪያው ወጥቶ፣ ሊጎነበስ የነበረውን አባቴን ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው።

"አባባ፣ እኔ በእርስዎ አላዘንኩም። አባት ነዎት፣ ለልጅዎ ይፈራሉ። እኔ የጠበቅኩት አንድ ምስክር ብቻ ነበር።"

ወደ እኔ አላየም። ማየት አላስፈለገውም። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እኔን መሰለኝ፣ መንጋጋዬም እንደዚያ ቀን ሊቆለፍ ሲል ተሰማኝ። ሰው ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ትንሽ ያምዎታል፣ ከዚያ ያልፋል ብዬ ነው የማስከፍተው፤ ለራሴም ያንኑ አልኩ።

"እወደዋለሁ አባዬ" አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ፣ ግን አላቆምኩም። "ያን ቀንም እወደው ነበር። አንተን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት፤ አንተ እምቢ ስላልክ አይደለም ያጣሁት፣ እኔ ዝም ስላልኩ ነው። አሁንም እምቢ ብትል እወደዋለሁ።" ከዚያ ወደ እሱ ዞርኩ። "ትላንት ለተናገርኩት ይቅር በለኝ። አባቴን ስለጠበቅክልኝ፣ እኔ እንኳ ያልጠየቅኩትን ስለጠየቅከው፣ ለዘጠኙም ቀን አመሰግንሃለሁ።"

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። "ፈቃድ አልጠየቅሽኝም" አለ።

"አልጠየቅኩህም።"

"ያን ቀን እንዲህ ብትናገሪ ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም ልጄ። ግን እሰማሽ ነበር።" መነጽሩን መልሶ አደረገና ባለሱቁን ክንዱን ይዞ፣ ትልቁን ጂፒኤስ እስቲ አሳየኝ፣ ልጁ አንተ እያለ ያዛል ያለኝን ባለጌ፣ እያለ ወደ ዳር ወሰደው።

ሽቦ ፊቴ ቆመ። እወድሻለሁ አላለኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለኝም። እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ ዓይኔን እያየ፣ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

"ቁርስ በልተሻል?"

"አልበላሁም" አልኩት። ከዚያ በላይ ልናገር ብዬ አቃተኝ፤ ደረቴን የሞላው ምስጋና ለቃል ቦታ አልተወለትም።